«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?»

በሱፐርማርኬታችን የአትክልትና ፍራፍሬ ሚዛን ላይ ለዓመታት የቆሙት ሰውዬ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው። ደንበኛው ግን «ስንት ናችሁ» ነበር የሚላቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ይህን ቅጽል ስም ራሳቸው የሰሙት እኔ በገንዘብ ተቀባይነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንዲት ሕፃን የእናቷን ቀሚስ እየጎተተች «ስንት ናችሁ ዛሬም አሉ፤ ብርቱካኑን ሊቀንሱብን ነው» ስትል ከሚዛኑ ኋላ ሆነው ሰሙ። አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞረው፣

«ስንት ናችሁ ማለት እኔ ነኝ?» አሉኝ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው፣ ጋሼ?»

ጥቂት አሰቡ። «ከዚህ የባሰ ስም ሊወጣልኝ ይችል ነበር» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ሳቅሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

ስሙ የወጣላቸው በከንቱ አይደለም። ሰው ፌስታሉን አጭቆ ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ዋጋ የሚያትመውን ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት መነጽራቸውን ገፋ አድርገው «ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» ይላሉ። ሰውየው «ሁለት» ካለና ስምንት አቮካዶ ይዞ ከሆነ አለቀለት። አንድ በአንድ ያወጡበታል። በአውራ ጣት አይጫኑም፤ በመዳፋቸው አቅፈው ነው ብስለቱን የሚያዩት።

«ይቺን ዛሬ። ይቺን ከነገ ወዲያ። ይቺ ገና ድንጋይ ናት፣ ሳምንት ትቆይሃለች። እነዚህ አምስቱ ግን በአንድ ቀን ነው የሚበስሉት፣ በአንድ ቀን ነው የሚበላሹት። በአንድ ቀን አምስት አቮካዶ ትበላለህ?»

ሰውየው «አይ፣ አልበላም» ይላል። አራቱን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው ወደ ክምሩ ይመልሷቸዋል።

ቲማቲም ሲገዛ ሁሉንም ቀይ የሚለቅም ሰው አይወዱም። «ሦስት ቀይ፣ ሦስት ገና የሚቀላ ያዝ። ሳምንቱ እኮ አንድ ቀን ብቻ አይደለም» ይላሉ። ሙዝ ከሌላ ፍሬ ጋር የሚያስቀምጥ ካለ፣ «ሙዝ መጥፎ ጎረቤት ነው፤ እሱ ሲያረጅ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያስረጃል» ይሉታል። ድንችና ሽንኩርት ለሳቸው ጣውንቶች ናቸው፤ አንድ ቅርጫት አይችላቸውም። ሰላጣ አጥባ ፍሪጅ የምታስገባዋን ሴት «ስትበይው ነው የሚታጠበው፤ እስከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስተኚው» ብለው ይመክሯታል። ከዘለላዋ ተገንጥላ የቀረችን ሙዝ ማንም አያነሳትም። እሳቸው እንዲህ ያሉትን ይለቃቅሙና ብቻውን ለሚኖር ሰው ያቆያሉ። «ብቻውን የሚኖር ሰው ሙሉ ዘለላ ምን ያደርግለታል?» ይሉኝ ነበር።

አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይናደዳል። አንድ ወፍራም ሰውዬ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «መዝን ተባልክ እንጂ ቤቴን ቁጠር ማን አለህ?» አላቸው። «ቤትዎን አይደለም የቆጠርኩት፣ የቆሻሻ ቅርጫትዎን ነው» አሉት፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። አዲስ ሙሽራ ደግሞ ጥያቄውን ስትሰማ አፍራ አንገቷን ደፋችና «ለጊዜው ሁለት» አለች። ጋሼ ከሰጠችው ካሮት ግማሹን መለሱባትና «ሦስተኛው ሲመጣ ንገሪኝ፣ እጨምርልሻለሁ» አሏት። ተሰልፎ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ ላይ ገበያ ያባርሩብኛል ብሎ ጠርቶ ተናግሯቸው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያኮረፈው ደንበኛ ሁሉ ተመልሶ እሳቸው ጋር ሲሰለፍ አየና ተወው።

እኔ በቅርብ ስለምውል ሌላ ሌላውንም አይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጽዳቷ ወለሉን በበረኪና ስትወለውል ጋሼ ወለሉ እስኪደርቅ ውጭ ይቆማሉ፤ ዝናብ ቢሆን እንኳ ይቆማሉ። ሱቁ ጭር ሲል ደግሞ ድንገት ቀና ብለው ያዳምጣሉ። «ምን ሰማህ?» የሚላቸው ሰው ያለ ይመስል ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የጓሮው በር ነው። ባዶ ሳጥን ሊያወጡ ሲሄዱ በሩን ከመክፈታቸው በፊት ያንኳኳሉ። ከውስጥ ሆነው፣ ወደ ውጭ። ሦስት ጊዜ አንኳኩተው፣ ጠብቀው፣ ከዚያ ይከፍታሉ።

አንድ ቀን አፌ አላርፍ አለና «ጋሼ፣ ከገዛ ቤቱ ሊወጣ በር የሚያንኳኳ ሰው ዛሬ አየሁ» አልኳቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። ያን ዕለት ሰውን ሁሉ «ስንት ናችሁ?» ሲሉ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። በሳምንቱ በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን ስበላ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሳልጠይቃቸውም ነገሩኝ። እንደነገሩኝ እነግራችኋለሁ።

እኔ ከመቀጠሬ ከስድስት ዓመት በፊት የጋሼ ሥራ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጠዋት የመጣውን አትክልት ይቀበላሉ። ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ደግሞ መደርደሪያውን እየዞሩ የጠወለገውን፣ የተቀጠቀጠውን፣ ሰው በጣቱ ጨምቆ የተወውን ለቅመው በጓሮ ወዳለው ትልቅ በርሜል ይጥላሉ። ጓሮው በሽቦ አጥር ነው የታጠረው፤ ማዕዘኑ ላይ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው። በዚያ ቀዳዳ ሰዎች እየገቡ ከበርሜሉ ይለቅሙ ነበር። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ይህን አልወደደም። ሰው የተጣለ ነገር በልቶ ቢታመም በእኛ ያላክካል አለ። ለጋሼ አንድ ጀሪካን በረኪና ሰጣቸውና «በጣልክ ቁጥር አፍስስበት፤ ሲሸታቸው ይሸሻሉ» አላቸው።

ጋሼ አፈሰሱ። «ያኔ ልጃችን ገና ጡት አልተወችም ነበር» አሉኝ። «ላንገራግር ስል ‹የልጅህን ጉሮሮ አስብ› አለኝ። አሰብኩ።»

ከሚመጡት መካከል አንዲት ሴት ነበረች። ግራጫ ሻርፕ ታደርጋለች፣ የፕላስቲክ ቅርጫት ትይዛለች። ሌሎቹ በርሜሉን ገልብጠው ትተውት ይሄዳሉ። እሷ ግን የፈለገችውን ወስዳ የፈሰሰውን መልሳ ትከታለች፤ ክዳኑንም ትገጥማለች። በአጥሩ ስትሾልክ ቅርጫቷ ሽቦውን ይፍቀዋል፤ ጋሼ በዚያ ድምፅ ነው መምጣቷን የሚያውቁት። በረኪናው ከመጀመሩ በፊት አንዳንድ ጊዜ ደህና ደህናውን ለይተው በእጇ ይሰጧት ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። በረኪናው ከተጀመረ በኋላም መምጣቷን አልተወችም። እያሸተተች፣ ያልነካውን ከሥር እየፈለገች ትለቅማለች።

አንድ ቀን በረኪናው አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ከመጸዳጃ ቤቱ ቁም ሣጥን ሌላ ዕቃ አወጣ፤ የተዘጋ ቱቦ የሚከፍት ፈሳሽ ነው። እንደ ውኃ የጠራ ነው። ሽታ የለውም። ጋሼ ጓንት አድርገው በዕለቱ በተጣለው ኮክና ቲማቲም ላይ አፈሰሱት። በሩን ሊዘጉ ሲሉ ቅርጫቱ ሽቦውን ሲፍቅ ሰሙ። ቀና ሲሉ ሴትዮዋ ግማሽ አካሏ በአጥሩ አልፎ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከውስጥ ሥራ አስኪያጁ ስማቸውን እየጠራ ነበር።

በሩን ዘጉ።

«እንደ ወትሮው ታሸተዋለች አልኩ» አሉኝ። ዳቦዬ በእጄ እንዳለ ቀረ።

በማግሥቱ ቅርጫቱ ከአጥሩ ሥር ተጥሎ አገኙት። ሴትዮዋ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን፣ በሳምንቱም አልመጣችም። ለሥራ አስኪያጁ ሲነግሩት «ምን አየህ? ምንም አላየህም» አላቸው። ዘበኛውን ጠየቁ፤ ማንነቷን አያውቅም። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ሆስፒታል ሄዱ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት «ስሟ ማነው?» አለቻቸው። አያውቁም። «ምንዎ ናት?» አለቻቸው። «ምኔም አይደለችም» አሉ። የመዝገብ ቤቷ ሴት የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ከዚያ ወዲያ ጀሪካን አልነካም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሊያባርራቸው ፈልጎ ነበር፤ ነገሩ እንዳይወራበት ፈርቶ መሰለኝ ወደ ሚዛኑ አዛወራቸው። በዓመቱ እሱም ለቀቀ። አጥሩ ተጠገነ፣ በርሜሉም ቁልፍ ተበጀለት፣ የሚፈስበት ነገርም ቀረ። ጋሼን ግን ነገሩ አልለቀቃቸውም። ሚዛኑ ላይ ቆመው ቅርጫት ሽቦ ሲፍቅ ይሰማቸዋል። ቤታቸው ባለቤታቸው ካሮት ስትፈቀፍቅ ተነስተው ይወጣሉ። ደንበኛ ቲማቲም ሲመርጥ የሚያዩት የሷን እጅ ነው።

«ሰው የሚበላውን ያህል ቢገዛ» አሉኝ፣ «ሳይጨምቅ ቢመርጥ፣ ከሱቅም ከቤትም የሚጣል ባይኖር፣ ያን ቀን እኔ በርሜል አጠገብ ምን ልሠራ እቆም ነበር? ይሄውልሽ ልጄ፣ ከሰው እጅ የተረፈ ቲማቲም ሁሉ የሷን አፍ ፍለጋ የሚሄድ ይመስለኛል። ለዚህ ነው የምጠይቀው።»

«ምናልባት አልበላችውም ይሆናል፣ ጋሼ። ምናልባት ሰፈር ቀይራ ይሆናል።»

«ምናልባት» አሉ። ተነስተው ሱሪያቸውን አራገፉ። «አስራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። በምናልባት ነው የኖርኩት።»

ይህን የነገሩኝ በአምስተኛው የሥራ ዓመቴ መጀመሪያ ነው። ወሩ አላለቀም፣ አንዲት ደንበኛችን መጣች።

ቀጠን ያለች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። በአንገቷ ዙሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ተጠምጥሟል፤ ከሥራ ስትወጣ ማውለቁን ረስታው ይመስላል። ሁልጊዜ የምትወስደው ዋጋው ተቀንሶ፣ አስቀድሞ ታሽጎ በር አጠገብ ከሚቀመጠው ሳጥን ስለሆነ ሚዛኑ ጋ ደርሳ አታውቅም። ያን ቀን የያዘችው ጎመን ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ነበር። ከኋላዋ ሰልፍ የለም።

«ልቀይርልሽ? ይሄ እኮ ጠውልጓል» አልኳት።

«ተይው፤ ቢጫውን ቆርጬ አወጣዋለሁ። ግንዱን ለሾርባ እፈጨዋለሁ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ ከሷ እጅ የሚጣል ነገር አልነበረም።»

«ደህና ናቸው እናትሽ?»

«ሞታለች። ሰባት ዓመቷ።» ፌስታሏን ዘረጋች። «መጨረሻ መጨረሻ ላይ ሾርባ ብቻ ነበር የሚወርድላት። ጉሮሮዋ ተቃጥሎ ነበር። እዚሁ እናንተ ጓሮ ለቅማ በበላችው ነው።»

የጎመኑን ዋጋ ሁለት ጊዜ መታሁት። ሰርዤ እንደገና መታሁት። «ታዲያ እንዴት እዚህ ትገዢያለሽ?» አልኳት።

«ብዙ ዓመት በዚህ መንገድ አላልፍም ነበር፤ ዙሪያ ጥምዝ ነበር የምሄደው» አለች። «ኋላ ግን፣ እናቴ በጓሮ ነበር የምትገባው፤ እኔ በፊት ለፊት በር ልግባ አልኩ።»

ሄደች። ቀና ብዬ ወደ ሚዛኑ አየሁ። ጋሼ የአንዲት አሮጊት ብርቱካን እየቆጠሩ ነበር።

እኔ ነገር በሆዴ የማያድር ሰው ነኝ፤ እናቴ «ላንቺ ምሥጢር ከመንገር ደወል መምታት» ትለኛለች። ይህን ግን ሁለት ሳምንት አሳደርኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ። አለማወቅ ለጋሼ ሥቃይ ነው፤ መጠጊያቸውም እሱው ነው። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ከእጃቸው ብነጥቃቸው ምን ይቀራቸዋል? ደግሞ እሷስ? ቁስሏን የምቀሰቅስ እኔ ማን ነኝ? እንቅልፍ አጣሁ። ገንዘብ ስመልስ እሳሳት ጀመር። አንድ ጠዋት ጋሼ ወለሉ እስኪደርቅ ውጭ ዝናብ ላይ ቆመው በመስታወቱ አየኋቸው። ያን ቀን ቆረጥኩ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለልብስ ሰፊዋ ነው። ሱቋን ጠይቄ ሄጄ፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ቆሜ ነገርኳት። እግሯ ከፔዳሉ ላይ ቆመ።

«አሁንም አለ ሰውየው?» አለች በመጨረሻ።

«ሚዛኑ ላይ ያሉት ናቸው።»

«ልየው» አለች።

ለጋሼ ስነግራቸው ሽርጣቸውን አውልቀው በአራት አጠፉት። «ሞታለች» አሉ፤ አልጠየቁም፣ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ቀጥለው «ልጇ መቼ ነው የምትመጣው?» አሉኝ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ተገናኙ። እኔ ልወጣ ስል ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ ከለከለችኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሳጥን አቀረቡላት፣ አልተቀመጠችም። እሳቸውም አልተቀመጡም።

«እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ አራት ዓመት ኖራለች» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ ልብስ ስትለካ እንደምትናገረው የረጋ ነበር። «ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር። ወትሮ ቤት አምጥታ ሳታጥብ አትበላም። ያን ቀን ግን አንዷን ኮክ በቀሚሷ ጠርጋ እዚያው ነከሰቻት። የዋጠችው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ በቃት። መንገድ ላይ ወድቃ ሰው አነሳት። ጠጣር ነገር ከዚያ በኋላ በጉሮሮዋ አልወረደም። ድምፅዋም ሄደ፤ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።»

ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ።

«አንድ ነገር ደጋግማ ትል ነበር። ‹ሰውየው አይቶኛል› ትላለች። እኔ ‹አላየሽም፣ ቢያይሽ ያስጠነቅቅሽ ነበር› እላታለሁ። ‹ደግ ፊት ነበረው› ትላለች መልሳ። በዚህ አራት ዓመት ተከራክረናል። እናቴን የማጽናና መስሎኝ ነው። እና አሁን ልጠይቅዎት። አይተዋት ነበር?»

«አይቻታለሁ።»

«ያፈሰሱት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።» መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። «ታሸተዋለች ብዬ ነው። ሽታ እንደሌለው አላሰብኩም።» ከዚያ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አይደለም፤ ውሸት ነው። አስቤያለሁ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ አሰብኩት። እጄ እጀታው ላይ ነበር። ከፍቼ ‹ተይው› ማለት እችል ነበር፤ አንድ ቃል ነው። አለቃዬ እየጠራኝ ነበር። ወደሱ ሄድኩ።»

እኔን ሲያጫውቱኝ ይህን አልነገሩኝም ነበር። ለባለቤታቸውም ነግረዋት አያውቁም፤ ይህን ኋላ ነው የሰማሁት።

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «ስለዚህ ትክክል ነበረች» አለች። «እኔ ነኝ ስከራከራት የኖርኩት።» ከዚያ በእኔ አጠገብ አልፋ ወጣች።

ጋሼ ሦስት ቀን ከሥራ ቀሩ። በአራተኛው ቀን መጥተው ሚዛኑ ላይ ቆሙ፤ አፋቸው ግን ተዘጋ። ሰው የመጣለትን ያህል አጭቆ ያስቀምጣል፣ መዝነው ዋጋውን ይለጥፋሉ፣ ይሰጣሉ። ያ የመኪና ቁልፍ የሚያሽከረክረው ወፍራም ሰውዬ እንኳ አንድ ቀን አሥራ ሁለት ማንጎ ይዞ መጣና ጥያቄውን ጠበቀ። ሳይመጣለት ሲቀር «ምነው ዛሬ? ደህና አይደሉም እንዴ?» አላቸው። «ደህና ነኝ» አሉትና ማንጎውን አቀበሉት። ሰውየው ከበሩ ደርሶ ተመለሰ፤ ስድስቱን ራሱ ወደ ቦታቸው መለሰ። የጓሮው በርሜል ግን በዚያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ይሞላ ነበር። ሰው ጥያቄ ከሌለበት እንደልቡ ይጨምቃል።

እንዲህ ሆኖ ሰባት ሳምንት አለፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ቀንም ሌትም ራሴን በላሁ።

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ የመጣችው በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ አጠገብ ያለውን ሳጥን አልፋ ሄደች። ከክምሩ አምስት ቲማቲም መረጠች፤ ስትመርጥ አልጨመቀችም። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ጋሼ እጇን አዩ እንጂ ፊቷን ለማየት አልደፈሩም። ሊመዝኑ ሲሉ እጇን ከፌስታሉ ላይ አላነሳችም።

«ሰውን ሁሉ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ አሉ» አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ።

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?»

«አንድ።»

ከአምስቱ ሦስቱን አወጡ። ከቀሩት ሁለት አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገና የሚቀላ ነበር። መዝነው፣ ዋጋውን ለጥፈው፣ በሁለት እጃቸው አቀበሏት። ተቀብላ ወደ እኔ መጣች፤ ከፍላ ሄደች። ፈገግ አላለችም፣ ደህና ዋሉም አላለችም።

ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ትመጣለች። ይጠይቋታል፣ «አንድ» ትላለች፣ ይቀንሱላታል። ጋሼም ሌላውን ሰው መልሰው መጠየቅ ጀመሩ፤ በፊት የነበረው ቀልድ ግን ቀርቷል። አንድ ሐሙስ ማንም ሳይኖር «ይቅር ብለሻቸዋል ማለት ነው?» አልኳት። ከአፌ ሳይወጣ ብመልሰው በወደድኩ ነበር።

«እሱን አላውቅም» አለችኝ። «እናቴን በደህናዋ ጊዜ ያየ ሰው ከእኔ ሌላ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የሚያውቋት ከታመመች በኋላ ነው። ከዚህ ወጥቼ ስሄድ አንዳንዴ ትዝ የምትለኝ ቀና ብላ ስትራመድ ነው። ለዚያ ነው የምመጣው።»

ጋሼን ደግሞ በሌላ ቀን ድምፁ ቀረ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «የትም አልሄደም» አሉኝ። «ድሮ ግን ማን እንደሆነች ሳላውቅ ነበር የምትመጣው። አሁን አውቃታለሁ። ስሟንም ነግራኛለች ልጅቷ።» ስሟን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጡ። ከሁለት ወር በኋላ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ፤ ስንት ሰው እንዳለ አስቀድሜ አስልቼ፣ አራት ብርቱካን። ባለቤታቸው አዩና «አንቺንም አስተምሮሻል» ብለው ሳቁ። ጠባብ ግን ንጹሕ ቤት ነው፤ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የአትክልት ሾርባና ዳቦ። ያቺ በዚያን ጊዜ ጡት ያልተወችው ልጃቸው አሁን ወጣት ሆናለች፤ ከእኔ ትይዩ ተቀመጠች። ሾርባው ይሸታል፣ ርቦኝም ነበር፤ ማንኪያዬን አነሳሁ።

ልጅቷ በዓይኗ ምልክት ሰጠችኝ። ማንኪያዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

ጋሼ ከድስቱ ጥቂት በማንኪያ ጨልፈው ቀመሱ። ዋጡት። ከዚያ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ሾርባው ይተናል። ባለቤታቸው የማዕዱን ጨርቅ ጫፍ እያስተካከሉ ይጠብቃሉ። ልጅቷም ትጠብቃለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነገር ስለሆነ ወደ መስኮቱ ነው የምታየው። እኔም አብሬ ጠበቅሁ። ከውጭ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ደቂቃ ይሁን ሁለት ደቂቃ እንጃ፤ ረዥም ነበር።

በመጨረሻ ጋሼ መዳፋቸውን አነሱ።

«ብሉ» አሉን።